ከነባሩ ጎን ማን ቆሟል?

የእግር ኳስ ብሔራዊ ቡድኑ የስም ዝርዝር ይፋ በሆነ ቁጥር ሐረር ላይ የሚነሳው ክርክር አንድ ነው። ከሐኪም ጋራ ግርጌ እስከ ፈረስ መጋላ፣ በርጫ በተቀመጠበት ቤት ሁሉ ሰው ለሁለት ይከፈላል። አንዱ ወገን «እነዚህ ሰዎች መቼ ነው የሚበቃቸው? አገሩ ወጣት አጣ እንዴ?» ይላል። ሌላው «ልምድ ከየት ይመጣል? ልጆቹን ወስደን ካይሮ ላይ ልናስፈጃቸው ነው?» ብሎ ይመልሳል። ስለ ጌታነህ ከበደና ስለ ሽመልስ በቀለ እንዲህ ተባብለናል። ከእነሱ በፊትም ስለ አዳነ ግርማ ተባብለናል። ጨዋታው ያልቃል፣ ውጤቱ ይታወቃል፣ ክርክሩም እስከሚቀጥለው ዝርዝር ድረስ ይተኛል።

እኔ ግን ሌላ ነገር ልጠይቅ። ይህ ጥያቄ ዝርዝሩ በወጣ ቀን ብቻ የሚታወሰን ለምንድን ነው? የ32 ዓመቱን ተጫዋች የሚተካው የ20 ዓመት ልጅ መሠራት የጀመረው፣ ወይም መጀመር የነበረበት፣ በ12 እና በ13 ዓመቱ ነው። ያኔ ማን ጠየቀ? የትኛው ጋዜጠኛ ማይክሮፎን ይዞ ፌዴሬሽኑ በር ላይ ቆመ? አሰልጣኙ ስሞቹን ሊያነብ ሲቀመጥ እኮ ውሳኔው ካለፈ ዓመታት ተቆጥረዋል። እሱ የሚያነበው የተረፈውን ነው።

ስለ ነባርና ስለ ወጣት ማውራት ካለብን ከምናውቀውና ከምንኮራበት እንጀምር። ነሐሴ 4 ቀን 2016 ዓ.ም. ፓሪስ ላይ የኦሊምፒክ ማራቶን ተሮጠ። ቀነኒሳ በቀለ በ42 ዓመቱ ለኢትዮጵያ ተመርጦ ነበር። ምርጫው ያለ ምክንያት አልነበረም። ከጥቂት ወራት በፊት ለንደን ላይ 2 ሰዓት ከ4 ደቂቃ ከ15 ሰከንድ ሮጦ ሁለተኛ ወጥቷል። ከእሱ ጋር ሲሳይ ለማና ደሬሳ ገለታ ነበሩ። ሲሳይ ተጎዳና ውድድሩ ሁለት ሳምንት ገደማ ሲቀረው ተጠባባቂው ታምራት ቶላ ተተካ። ከዚያስ? ቀነኒሳ 39ኛ ሆኖ ጨረሰ፣ ደሬሳ አምስተኛ ወጣ፣ ተጠባባቂው ደግሞ በ2 ሰዓት ከ6 ደቂቃ ከ26 ሰከንድ የኦሊምፒክ ክብረ ወሰን ሰብሮ ወርቅ አጠለቀ።

ይህን ውጤት ይዞ «ነባር መምረጥ ስህተት ነው» ማለት ይቻላል? እንግዲያውስ ከፓሪስ ሦስት ዓመት ቀድሞ ወደነበረው ማራቶን እንመለስ። ለቶኪዮ ኦሊምፒክ ሰበታ ላይ 35 ኪሎ ሜትር የማጣሪያ ውድድር ተደረገ። ቀነኒሳ አልተሳተፈም፣ አልተመረጠምም። ሹራ ቂጣታ፣ ሌሊሳ ዴሲሳና ሲሳይ ለማ ሄዱ። ማራቶኑ በተሮጠበት ሳፖሮ ላይ ሦስቱም አቋርጠው ወጡ። በቶኪዮ ነባሩን ትተን ባዶ እጃችንን ተመለስን፣ በፓሪስ ነባሩን ይዘን ወርቅ አመጣን፤ ወርቁን ያመጣው ግን ነባሩ አልነበረም። ከሁለቱ ማራቶኖች ስለ ዕድሜ ምን ሕግ ይወጣል? ምንም። የሚወጣው ስለ ተጠባባቂው ነው። ታምራት ቶላ በ2014 ዓ.ም. የዓለም ሻምፒዮን የሆነ ሰው ነው፣ ኒውዮርክንም በቦታው ክብረ ወሰን አሸንፏል። አገሪቱ የዓለም ሻምፒዮን ተጠባባቂ አድርጋ ማስቀመጥ ችላለች። እንዲህ ያለ አገር መራጩ ቢሳሳት እንኳ አይወድቅም።

ይህ አቅም ደግሞ በአንድ ሌሊት የመጣ አይደለም። በነሐሴ 1995 ዓ.ም. በፓሪሱ የዓለም ሻምፒዮና 10 ሺህ ሜትር ኃይሌ ገብረሥላሴ፣ ቀነኒሳና ስለሺ ስህን አብረው ሮጡ። ቀነኒሳ 21 ዓመቱ ነበር፣ ኃይሌ 30። ቀነኒሳ አንደኛ፣ ኃይሌ ሁለተኛ፣ ስለሺ ሦስተኛ። በዓመቱ አቴንስ ላይ ኃይሌ የተጎዳ እግሩን ይዞ ነው የገባው። ሁለቱ ወጣቶች ዞር እያሉ ሲያዩት፣ ይደርስብናል ብለው ሲጠብቁት፣ በመጨረሻ ጥለውት ሲሄዱ በቴሌቪዥን ያየ ሰው ሁሉ ያስታውሰዋል። ቀነኒሳ ወርቅ፣ ስለሺ ብር፣ ኃይሌ አምስተኛ። በዚያው አቴንስ ደራርቱ ቱሉ በባርሴሎናና በሲድኒ ወርቅ ያመጣችበትን 10 ሺህ ሜትር እንደገና ሮጣ ነሐስ ወሰደች፤ ከፊቷ በብር የገባችው እጅጋየሁ ዲባባ ነበረች፣ በ5 ሺህ ሜትር ደግሞ የ19 ዓመቷ ጥሩነሽ ነሐስ አገኘች። ማን ማንን አባረረ? ማንም። ነባሩ እየሮጠ ሳለ ወጣቱ ከጎኑ ነበር፤ ወጣቱ የቀደመው ነባሩን እያየ ነው፣ ነባሩም የተቀደመው በራሱ አገር ልጅ ነው።

ታዲያ በእግር ኳስ ለምን አቃተን?

በጥር 2005 ዓ.ም. ብሔራዊ ቡድናችን ዋልያዎቹ ከ31 ዓመት በኋላ የአፍሪካ ዋንጫ ገቡ። ደቡብ አፍሪካ ላይ ከዛምቢያ 1 ለ 1 ወጡ፣ ጎሉን አዳነ ግርማ አገባ። በቡርኪና ፋሶ 4 ለ 0፣ በናይጄሪያ 2 ለ 0 ተሸነፉ። አንድ ነጥብ፣ አንድ ጎል። ከዘጠኝ ዓመት በኋላ፣ በጥር 2014 ዓ.ም.፣ ካሜሩን ላይ ተመለሱ። በኬፕ ቨርዴ 1 ለ 0፣ በካሜሩን 4 ለ 1 ተሸነፉ፣ ከቡርኪና ፋሶ 1 ለ 1 ወጡ፣ የአቻነቷን ጎል አምበሉ ጌታነህ በፍጹም ቅጣት ምት አገባ። አንድ ነጥብ፣ ሁለት ጎል። በሁለቱ ውድድሮች መካከል ዘጠኝ ዓመት አለ። በዘጠኝ ዓመት ውስጥ አንድ የ10 ዓመት ልጅ 19 ዓመት ይሞላዋል። እነዚያን የ10 ዓመት ልጆች ምን አደረግናቸው?

ጌታነህን ልብ በሉ። በ2005ቱ ቡድን ውስጥ 20 ዓመቱ ነበር፤ ያኔ ወጣቱ እሱ ነበር፣ «የነገ ተስፋ» የተባለው እሱ ነበር። በ2014 አምበል ሆኖ መጣ። ሽመልስም እንዲሁ በ22 ዓመቱ የ2005ቱ ቡድን አባል ነበር፤ ሰኔ 2 ቀን 2014 ዓ.ም. ሊሎንግዌ ላይ ግብፅን 2 ለ 0 ስናሸንፍ አንዱን ጎል ያገባው እሱ ነው፣ ሌላውን ዳዋ ሆቴሳ። እነዚህ ሰዎች አገራቸውን አላሳፈሩም። ቦታቸውን ይዘው የቆዩት የሚቀማቸው ስላልመጣ ነው። «ይብቃቸው» ብለን የጮህንባቸው በእርጅናቸው ነው ወይስ ከኋላቸው ባለው ባዶ ቦታ? ለባዶው ቦታ ተጠያቂው እነሱ ናቸው?

ባዶም ነበር ማለት ግፍ ነው። በ2013 ዓ.ም. አቡበከር ናስር ለኢትዮጵያ ቡና በአንድ ዓመት 29 ጎል አግብቶ ዮርዳኖስ ዓባይ ለ20 ዓመት የያዘውን የ24 ጎል ክብረ ወሰን ሰበረ። ገና 21 ዓመቱ ነበር። ጌታነህ አጠገብ የቆመ እውነተኛ ተተኪ ማለት እሱ ነበር። ደቡብ አፍሪካ ሄዶ ማሜሎዲ ሰንዳውንስን ተቀላቀለ፣ ከዚያ ጉዳት አንገላታው። ሰው ይጎዳል፣ ኳስ ነው። ነገር ግን አንድ ልጅ በመጎዳቱ የአገር የአጥቂ መስመር የሚናጋ ከሆነ ከአቡበከር ቀጥሎ የነበረው ማን ነበር? ማራቶን ላይ ሲሳይ ሲጎዳ ታምራት ነበረ። እዚህስ?

መልሱን ፍለጋ አዲስ አበባ መሄድ አያስፈልግም። እኛው ጋ አለ። ከሐኪም ጋራ ላይ ሆኖ ቁልቁል ያየ ሰው ጀጎልን ከነግንቡ፣ ከግንቡ ውጭ የተስፋፋውን ከተማ፣ በመካከሉም ሜዳ የሚመስል ቦታ ሁሉ በልጆች ተሞልቶ ያያል። ድንጋይ ደርድረው ጎል ያደርጋሉ። የጋራው ስም በሐኪም ስታውት ጠርሙስ ላይ ተለጥፎ አገር ዞሯል፤ ሐረር ቢራ የሚባል ክለብም ነበረን፣ በፕሪሚየር ሊጉ የተጫወተ። የልጅነት ጓደኞቼ ያንን ማልያ ለመልበስ ነበር የሚተጉት። አሁን በፕሪሚየር ሊጉ የሐረር ክለብ የለም። የ15 ዓመት ልጅ «ወዴት ልሂድ?» ቢል ቅርቡ 50 ኪሎ ሜትር ገደማ ወርዶ ድሬዳዋ ነው። ድሬዳዋ ላይስ? እዚያም የከተማው ክለብ በየዝውውር መስኮቱ የሚያስፈርመው ሌላ ክለብ ለቆ የወጣ፣ ስሙ የታወቀ፣ ሊጉን የሚያውቅ ተጫዋች ነው። ይህ የድሬዳዋ ብቻ አይደለም፣ የሁሉም ነው። ለመሆኑ ከአንድ ክለብ ተስፋ ቡድን ወጥቶ በዚያው ክለብ ዋና ቡድን ቋሚ የሆነ ልጅ ስንት ታውቃላችሁ? ቁጠሩና ንገሩኝ።

ባለፈው ክረምት ከጋራው በታች የሰፈር ውድድር ሳይ አንድ ነገር ዓይኔን ያዘው። በአንደኛው ቡድን መካከል ላይ የሚጫወተው ሰው ወደ 40 የተጠጋ ነው፤ ድሮ ከፍ ባለ ደረጃ የተጫወተ፣ ኳስ አያያዙ አሁንም የሚያስቀና። ቅጣት ምቱን እሱ ይመታል፣ ማዕዘኑን እሱ ያሻማል፣ የእጅ ውርወራውን እንኳ ኳሱን ከልጁ እጅ ተቀብሎ እሱ ይወረውራል። በግራ በኩል የነበረው ልጅ 16 ቢሆነው ነው፤ ፈጣን ነው፣ ግራ እግሩ ጥሩ ነው። በጨዋታው ሁሉ አንድም የቆመ ኳስ አልነካም። ወደ መጨረሻው አካባቢ ተቀይሮ ወጣ፣ ማልያውን አውልቆ ለገባው ሰጠ፣ ጥጉ ላይ ቁጢጥ ብሎ አየ። ቡድኑ አሸነፈ።

አሰልጣኙን ጠጋ ብዬ «ልጁን ለምን አንድ ቅጣት ምት አላስመታኸውም?» አልኩት። አልተቆጣም። «ወንድሜ፣ ዋንጫ ካላመጣሁ ለከርሞ ማልያ የሚገዛልን የለም። እኔም አልኖርም» አለኝ። ሰውየው ክፉ አይደለም። የልጁን ችሎታም ከእኔ የበለጠ ያውቀዋል። ነገር ግን የልጁ ቅጣት ምት ጎል መሆን የሚጀምረው ከሁለት ዓመት በኋላ ነው፣ የአሰልጣኙ ዕድሜ ደግሞ እስከ መስከረም ነው። ለማን ብሎ ይዝራ?

አሁን ይህን የሰፈር አሰልጣኝ አንስታችሁ ብሔራዊ ቡድን ላይ አስቀምጡት። ሰውነት ቢሻው፣ ማሪያኖ ባሬቶ፣ ዮሐንስ ሳህሌ፣ ገብረመድህን ኃይሌ፣ አሸናፊ በቀለ፣ አብርሃም መብራቱ፣ ውበቱ አባተ፣ እንደገና ገብረመድህን ኃይሌ፣ መሳይ ተፈሪ። ከ2005ቱ የአፍሪካ ዋንጫ በኋላ በነበሩት 12 ዓመታት ገደማ ዋልያዎቹን በዋና አሰልጣኝነት የያዙት እነዚህ ናቸው፣ በጊዜያዊነት የያዙትን ሳልቆጥር። ከእነዚህ መካከል በ18 ዓመት ልጅ ላይ ሦስት ዓመት እንዲደክም ጊዜ የተሰጠው ማን ነው? አሰልጣኙ ሲፈርም ውሉ ላይ የሚጻፈው «ለአፍሪካ ዋንጫ ማሳለፍ» ነው። ሁለት ጨዋታ ሲሸነፍ መግለጫ ይጻፋል። በዚህ መካከል አሰልጣኙ የሚያውቀውን፣ ግፊት የለመደውን፣ አልጀርስ ላይ ተጫውቶ የሚያውቀውን ሰው ቢመርጥ ማን ይፈርድበታል? እኔ አልፈርድበትም። የምፈርደው ውሉን በጻፈው ላይ ነው። የፌዴሬሽኑ ሥራ አስፈጻሚ ኮሚቴ የአራት ዓመት ዘመን አለው፤ ለራሱ አራት ዓመት የሰጠ ኮሚቴ ለአሰልጣኙ ስንት ሰጠ? ለታዳጊውስ?

«ትንሽ አገር ነን፣ ጊዜ የለንም» የሚል መልስ እንደሚመጣ አውቃለሁ። ስለዚህ ኬፕ ቨርዴን እናንሳ፣ ያቺን ካሜሩን ላይ 1 ለ 0 ያሸነፈችንን። ሕዝቧ ከምሥራቅ ሐረርጌ ዞን ሕዝብ በብዙ ያንሳል። የመጀመሪያ የአፍሪካ ዋንጫዋን የተጫወተችው እኛ ከ31 ዓመት በኋላ በተመለስንበት በዚያው በ2005 ነው። አብረን ነው የገባነው። እሷ ሩብ ፍጻሜ ደረሰች። ግብ ጠባቂዋ ቮዚንሃ ነበር፣ በፊት መስመር ራያን ሜንዴስ ነበር። ጥቅምት 3 ቀን 2018 ዓ.ም. ኬፕ ቨርዴ ኤስዋቲኒን 3 ለ 0 አሸንፋ፣ ካሜሩንን ከኋላዋ ትታ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ለዓለም ዋንጫ አለፈች። ግብ ጠባቂው ማን ነበር? ያው ቮዚንሃ፣ በ39 ዓመቱ። አምበሉስ? ራያን ሜንዴስ፣ በ35። ሦስተኛዋን ጎል ያገባው ስቶፒራ 37 ዓመቱ ነበር።

«ሽማግሌዎቹ ይውጡ» ለሚለው ወገን ይህ ምን ይነግረዋል? «ልምድ ይበልጣል» የሚለውስ ቸኩሎ እንዳይደሰት፤ በዚያው ቀን የመጀመሪያዋን ጎል ያገባው ዳይሎን ሊቭራሜንቶ ገና በሃያዎቹ አጋማሽ ላይ የነበረ ልጅ ነው። አሰልጣኛቸው ቡቢስታ ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ እስከዚያ ቀን አልተነቀነቁም። ሮተርዳምም ሊዝበንም የተወለደ የደሴቶቹን ልጅ ፈልገው አመጡ፣ ከነባሮቹ ጋር አሰለፉት፣ ነባሮቹ አስለመዱት። ጌታነህና ሽመልስ፣ ቮዚንሃና ሜንዴስ በአንድ ዓመት በአንድ ውድድር ላይ ነበሩ። የነሱ ነባሮች ዓለም ዋንጫ ደረሱ። የኛዎቹን ምን አጎደልንባቸው? ችሎታ ነው ብሎ የሚከራከረኝ ካለ ይምጣ።

አንድ ሌላ ጥያቄ አለ፣ ሁላችንም የምናውቀውና ድምፃችንን ዝቅ አድርገን የምናወራው። ከ17 ዓመት በታች ቡድናችን ውስጥ የሚጫወቱት ዕድሜያቸው ስንት ነው? ዕድሜ መቀነስ የአፍሪካ ኳስ የቆየ በሽታ ነው፤ ፊፋ ከ2009 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በታዳጊዎች የዓለም ዋንጫ የእጅ አንጓ በኤምአርአይ እንዲታይ ያደረገው ለዚህ ነው። የታዳጊ ቡድን የተባለው ውስጥ ጺሙን ተላጭቶ የሚገባ ሰው ካለ፣ ነባር የመምረጥ ልማዳችን የጀመረው ዋናው ቡድን ላይ ሳይሆን እዚያ ነው ማለት ነው። የ21 ዓመቱ ሰው የ16 ዓመቱን ልጅ ቦታ ይዞ ዋንጫ ያመጣል፣ አሰልጣኙ ይመሰገናል፣ ክልሉ ይሸለማል፣ ልጁ ወደ ቤቱ ይሄዳል። ከአምስት ዓመት በኋላ በወረቀት 21 የሆነው ሰው በእውነት 26 ነው፣ እድገቱን ጨርሷል፣ ወረቀቱ ግን «ተስፋ የሚጣልበት ወጣት» ይለዋል። ይህን የሚያደርገው የወረዳ ሰው፣ የትምህርት ቤት ሰው፣ የክለብ ሰው፣ አንዳንዴም የልጁ የገዛ ወላጅ ነው። ሁሉም የሚያውቀው ከሆነ ማን ነው የተቀጣው?

በ1993 ዓ.ም. የአፍሪካ ወጣቶች ዋንጫ እዚሁ አገራችን ላይ ተዘጋጅቶ፣ ወጣት ቡድናችን ለዓለም ወጣቶች ዋንጫ አልፎ አርጀንቲና ሄዶ ነበር። ስንት ሰው ያስታውሰዋል? ሆላንድን፣ ኮስታሪካንና ኢኳዶርን የገጠሙ ልጆች ነበሩን። ከዚያ በኋላ ዋናው ቡድን የአፍሪካ ዋንጫን ለማየት 12 ዓመት ፈጀበት። አርጀንቲና ላይ 20 ዓመቱ የነበረ ልጅ ደቡብ አፍሪካ ላይ 32 ይሞላዋል፤ የኳስ ዕድሜው በሙሉ በመካከሉ አለቀ። ያንን ትውልድ ማን ተከታተለው? ምን እንደሆኑ የሚናገር አንድ ሰነድ አለ?

የጎረቤታችንን የኬንያን ክሪኬት የማነሳው እዚህ ላይ ነው። ክሪኬት ሐረር ላይ የሚጫወተው የለም፣ ታሪኩ ግን የኛን ይመስላል። ኬንያ በ1996 እ.ኤ.አ. የዓለም ዋንጫ ኃያሏን ዌስት ኢንዲስን አሸነፈች። በ2003 ደግሞ በካፒቴን ስቲቭ ቲኮሎ እየተመራች ግማሽ ፍጻሜ ደረሰች። ኒውዚላንድ ለጸጥታ ሰግታ ናይሮቢ ባለመሄዷ ነጥብ በነጻ ቢገኝም፣ ስሪላንካን ናይሮቢ ላይ ያሸነፈችው ግን በራሷ ጉልበት ነው። የ21 ዓመቱ ኮሊንስ ኦቡያ በዚያ ጨዋታ አምስት መቺዎችን ከጨዋታ አስወጣ። ዓለም ኬንያን ቀጣይዋ ትልቅ ቡድን አላት። ከዚያ ምን ሆነ? አመራሩ እርስ በርሱ ተጣላ፣ ተጫዋቾች በክፍያ ምክንያት ሥራ አቆሙ፣ የአገር ውስጡ ውድድር ደከመ። በ2011 የዓለም ዋንጫ ቲኮሎ 39 ዓመት ሞልቶት አሁንም ቡድኑ ውስጥ ነበር። ኬንያ ስድስቱንም ጨዋታ ተሸነፈች። በ2014 እ.ኤ.አ. በአንድ ቀን በሚያልቁት ዓለም አቀፍ ግጥሚያዎች የነበራትን ደረጃ አጣች። ቲኮሎን ለምን መረጡት ብሎ መውቀስ ቀላል ነው። ግን ከ2003 እስከ 2011 ባሉት ስምንት ዓመታት የቲኮሎን ቦታ የሚነጥቅ ልጅ ናይሮቢ ላይ ያልተገኘው በቲኮሎ ጥፋት ነው?

ለነባሮቹም ጥያቄ አለኝ፣ በክብር። በቡድኑ ውስጥ ስትቆዩ አጠገባችሁ ላለው ልጅ ምን ትሰጡታላችሁ? አንዳንዶቹ ብዙ እንደሚሰጡ አውቃለሁ። አንዳንዶቹ ግን ልጁን እንደ ጠላት ያዩታል፣ ለዚያም ምክንያት አላቸው። ኳስ ያቆመ ተጫዋች እዚህ አገር ምን ይጠብቀዋል? ጡረታ የለውም፣ በአሰልጣኝነት ኮርስ የሚያስገባው የለም፣ ጉልበቱን የሚያሳክምለት የለም። ቦታውን ከለቀቀ ነገ ማንም አያስታውሰውም፤ ስለዚህ እስከ መጨረሻዋ ደቂቃ ይጣበቅበታል። ተተኪ እንዲያፈራ ከፈለግን እሱ ራሱ ወዴት እንደሚተካ ማወቅ የለበትም?

ይህን አድርገን እናውቃለን። በ1954 ዓ.ም. ግብፅን 4 ለ 2 አሸንፈን የአፍሪካን ዋንጫ ያነሳን ጊዜ ከጎል አግቢዎቹ አንዱ በሃያዎቹ መጀመሪያ የነበረው መንግሥቱ ወርቁ ነው። ቡድኑን የያዙት ይድነቃቸው ተሰማ ራሳቸው የቅዱስ ጊዮርጊስና የብሔራዊ ቡድኑ ተጫዋች የነበሩ ናቸው። ከ20 ዓመት በኋላ፣ በ1974፣ ኢትዮጵያ ሊቢያ ላይ ለአፍሪካ ዋንጫ ስትቀርብ አሰልጣኙ ማን ነበር? መንግሥቱ ወርቁ። እውቀቱ ከሰው ወደ ሰው አለፈ። የዚያው የ1954ቱ ቡድን አምበል ሉቻኖ ቫሳሎ ግን ከአብዮቱ በኋላ አገር ለቆ ወጣ፣ ጣሊያን ኖሮ በ2015 መጀመሪያ እዚያው አረፈ። ብቸኛዋን የአፍሪካ ዋንጫችንን ያነሳ እጅ የሚያውቀውን ለስንት የሐረር፣ የድሬ፣ የአዳማ ልጅ ማሳየት ይችል ነበር? ከእሱ ወዲህስ የስንቱን እውቀት እዚሁ አገር ውስጥ እያለ ጣልነው?

ስለዚህ የሚቀጥለው ዝርዝር ሲወጣ «ለምን እገሌን መረጥክ?» የሚለውን ጥያቄ ጋዜጠኞች ለአንድ ጊዜ ቢተዉልኝ። ለአሰልጣኙ የምጠይቀው ይህን ነው፤ ከሠላሳ ዓመት በላይ ለሆነው እያንዳንዱ ስም የእሱን ቦታ የሚጫወት ከ21 ዓመት በታች የሆነ ልጅ ልምምድ ላይ አጠገቡ አለ? ስሙስ ማን ነው? ለፌዴሬሽኑ፤ አሰልጣኙ ያንን ልጅ በማሰለፉ አንድ ጨዋታ ቢሸነፍ ከሥራ እንደማይባረር ውሉ ላይ ተጽፏል? ካልተጻፈ ለምን? ለፕሪሚየር ሊጉ ክለቦች፤ ዘንድሮ ለነባር ተጫዋች ፊርማ ካወጣችሁት ገንዘብ ውስጥ ለተስፋ ቡድናችሁ የደረሰው ምን ያህል ነው? ለሐረሪ ክልል ስፖርት ኃላፊዎች፤ ከሐኪም ጋራ ሥር ያ ግራ እግሩ ጥሩ የሆነ ልጅ በመጪው ዓመት የት ይጫወታል? ስሙን የጻፈ ሰው አለ? ዕድሜውን ሳይቀንስ የጻፈስ?